ወደ ክመር ቤተ መቅደሶች ለሚጓዙ ወገኖች የተዘጋጀ ማሳሰቢያ

ንጉሥ ላሊበላ በሮሃ ዓለት በሚያስፈለፍልበት ዘመን፣ በካምቦዲያ ሰባተኛው ጃያቫርማን የሚባል የክመር ንጉሥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያስቆልል ነበር። በ1181 ዙፋን ላይ ወጣ፤ አንኮር ቶም የተባለችውን ባለ ቅጥር ከተማ ሠራ፤ በመካከሏም በየማማው ላይ ግዙፍ የሰው ፊት የተቀረጸበትን ባዮንን አቆመ። በግዛቱ ውስጥ 102 የሕሙማን ማደሪያዎች እንደነበሩ በራሱ ዘመን የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ ይናገራል። (በዚህ ማሳሰቢያ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላሊበላ ዛሬም የሚቀደስበት፣ ምእመን ጫማውን አውልቆ የሚገባበት ደብር እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። አንኮርም ለካምቦዲያውያን እንዲሁ ነው። አንኮር ዋት በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በሁለተኛው ሱርያቫርማን ዘመን ለሂንዱ አምላክ ለቪሽኑ ተሠራ፤ በኋላ የቡድሃ እምነት መቅደስ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መነኮሳት የጠፉበት ጊዜ እምብዛም ነው። ቅጥሩ ውስጥ ዕጣን ይጨሳል፣ ይጸለያል። በአንኮር ጥብቅ ክልል ውስጥ ባሉ መንደሮች ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖራል። የብዙ ቀን ጉብኝት የሚሸጡ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ የሚያሳዩት ግን በጫካ የተዋጠ፣ ሰው የማይኖርበት ፍርስራሽ ነው። እንግዳውም ያንን አምኖ ይሄድና ባለቤት እንደሌለው ቤት ይመላለስበታል። ከዚህ በታች ያለው ማሳሰቢያ በሙሉ የሚነሣው ቦታው ባለቤት ያለው ከመሆኑ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ። ካምቦዲያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉ አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ይህን ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም በቀጥታ የሚሄድ ሰው አይመለከተውም፤ መንገዱን አዲስ አበባ ላይ አቋርጦ ቤተሰብ ጠይቆ የሚያልፍ ሰው ግን ይመለከተዋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት።

የአንኮርን ቲኬት ከቲኬት ቢሮው ወይም ከመንግሥታዊው ድርጅት ድረ ገጽ ብቻ ይግዙ። የአንድ ቀኑ 37፣ የሦስት ቀኑ 62፣ የሰባት ቀኑ 72 የአሜሪካ ዶላር ነው። ፎቶዎ ስለሚታተምበት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም፤ መንገድ ላይ «የተረፈ ቀን አለኝ» ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው ካለ እያታለለዎት ነው። ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይከፍልም፤ ዕድሜውን የሚያሳይ ፓስፖርት ግን በእጅዎ ይኑር። የሦስት ቀኑን ቲኬት በተከታታይ ቀናት መጠቀም ግዴታ አይደለም፤ 10 ቀን ድረስ ያገለግላል። ስለዚህ በመሀሉ አንድ ቀን ወደ ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ወይም ወደ ኩሌን ተራራ ቢወጡ ለዓይንም ለእግርም እረፍት ነው። ከእያንዳንዱ ቲኬት 2 ዶላር የሚሄደው ሕፃናትን በነፃ ወደሚያክሙት የካንታ ቦፋ ሆስፒታሎች ነው። ኩሌን ተራራና የጥንት ዋና ከተማ የነበረችው ኮ ኬር የየራሳቸው የመግቢያ ክፍያ ስላላቸው፣ አስጎብኚ ድርጅቱ በነገረዎት ዋጋ ውስጥ መካተታቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቲኬቱ ላይና መርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት «አምስት ሰዓት ላይ» ከተባሉ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለት ነው። ከአገር ቤት የሚመጡ አባትና እናት ይዘው ከሆነ ይህን አስረድተው ያስተኟቸው።

መርሐ ግብሩ ውስጥ ፕሬያ ቪሂር ካለ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አጥብቀው ይጠይቁ። በገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ይህ ቤተ መቅደስ በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር ላይ ይገኛል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962 ለካምቦዲያ ፈረደ፤ ዩኔስኮ በ2008 መዘገበው፤ ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት ተኩስ ነበር፤ በ2025 ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል ከባድ ውጊያ ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ የድንበር በሮችም ተዘጉ። ያረጀ መርሐ ግብር ሳያስተካክል የሚሸጥ ድርጅት ስለ ሌላውም ነገር እንደማይጠነቀቅ ይወቁ። ባንኮክ ወርደው በመኪና ድንበር ለመሻገር ያሰቡም ሐሳባቸውን ይለውጡ፤ በአውሮፕላን ይግቡ። በ2023 የተከፈተው፣ ለአንኮር ቅርብ የሆነችው የሲየም ሪያፕ ከተማ አዲስ አየር ማረፊያ ከከተማው ርቆ ስለሚገኝ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ አለው።

ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ለደጋ ሰው ይከብዳሉ። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ ሆኖም ከጉዞ የሚያስቀር ነገር አይደለም፤ ሕዝቡ ይቀንሳል፣ ሐይቁ ይሞላል፣ ፏፏቴው ይበረታል። የወባ ትንኝን ግን በየትኛውም ወቅት አይናቁ፤ ከወባ ሌላ በቀን በምትናደፍ ትንኝ የሚተላለፍ የዴንጊ ትኩሳት አለ።

አለባበስ

ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ይህ ለወንድም ለሴትም ነው።

ነጠላ ጣል ማድረግ ይበቃል ብለው አያስቡ። «ባካን» በሚባለው የአንኮር ዋት ከፍተኛ ክፍል በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ የተደረበ ሻርፕ አይቀበሉም፤ እጅጌ ያለው ልብስ ይፈልጋሉ። እዚያ ባርኔጣም ይወልቃል። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ልብ የሚያስቸግራቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ባይወጡ ይሻላል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይፈቀድላቸውም። በቡድሃ እምነት የተቀደሱ ቀናት ይዘጋል፤ ቀኑ ከጨረቃ ጋር ስለሚዞር አስጎብኚዎን ይጠይቁ።

የቡድሃ ምስል ቆሞ በሚመለክበት ቦታ ሁሉ ጫማ ይወልቃል። ሲቀመጡ እግርዎን ወደ ምስሉ አይዘርጉ።

በ2015 መጀመሪያ ላይ በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ራቁታቸውን ፎቶ የተነሡ የውጭ ጎብኚዎች ተይዘው ከአገር ተባረዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ቦታውን የሚጠብቀው የአፕሳራ ባለሥልጣን የጎብኚዎች ሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። አለባበስ፣ ድንጋይ አለመንካት፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ የተከለለ ቦታ አለመግባት፣ አለማጨስ፣ ለሕፃናት ገንዘብና ከረሜላ አለመስጠት፣ መነኮሳትን ማክበር ሁሉም በደንቡ ውስጥ አሉ። አስጎብኚዎ ካልነገረዎት እርስዎ ይጠይቁት።

ድንጋዩን አይንኩ

ይህ ትልቁ ማሳሰቢያ ነው።

የአንኮር ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከኩሌን ተራራ ግርጌ ተፈልጦ በቦይ ውኃ እየተጓጓዘ የመጣ፣ ለመቅረጽ ለስላሳ የሆነ ድንጋይ ነው። ቀራጩ በግድግዳው ላይ ያሉትን የሴቶች ምስሎች የጆሮ ጌጥና የቀሚስ ጥለት እንዲያ አድርጎ ሊያወጣ የቻለው ድንጋዩ ስለታዘዘው ነው፤ ለውኃ፣ ለጨው፣ ለሌሊት ወፍ ኩስና ለሰው እጅ የሚሸነፈውም በዚያው ምክንያት ነው። በአንኮር ዋት ግድግዳዎች ላይ ከ1,700 በላይ የሴት አማልክት ቅርጾች አሉ፤ የፀጉር አሠራራቸው ብዙ ዓይነት ነው። እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ካሉት ብዙዎቹ በመነካካት ብዛት ጠቁረው ያብረቀርቃሉ። አንድ ሰው ቢነካ ምንም አይደለም የሚለው ሐሳብ በ2019 ወደ ቦታው ከገባው ከ2 ሚሊዮን በላይ የውጭ እንግዳ ጋር ሲባዛ ምን እንደሚሆን ያስቡት።

ስለዚህ እጅዎን ብቻ ሳይሆን ቦርሳዎን ይጠብቁ። ጀርባ ላይ የሚታዘል ሻንጣ በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ዞር ሲሉ ግድግዳውን ይፍቃል፤ ወደ ደረት አዙረው ይያዙት። ለፎቶ ብለው በመስኮት ዓምድ ላይ አይደገፉ፤ በአንበሳና በእባብ ሐውልት ላይ አይቀመጡ። የወደቀ ድንጋይ ላይ አይውጡ፤ ተራ ድንጋይ ይመስላል እንጂ አንድ ቀን ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚጠብቅ የግድግዳ ክፍል ነው። ትንንሽ ድንጋዮችን እየደረደሩ ትንሽ ግንብ መሥራትም ፋሽን ሆኗል፤ አያድርጉት። ስም መጻፍን ማንሣት እንኳ ባላስፈለገ፤ ያደረጉት ሰዎች ስላሉ ግን ተጽፏል።

በታ ፕሮም የዛፍ ሥር ጣሪያውን አቅፎ የያዘበት ቦታ አለ። ፎቶው ዓለምን የዞረው፣ በ2001 ፊልም የተሠራበት ይኸው ነው። ዛፉ ግድግዳውን ያፈርሰዋል፣ ደግሞም ደግፎ ይይዘዋል፤ ዛፉ ሲሞት የያዘው ድንጋይ አብሮ ይወርዳል። ጥገና የሚያካሂዱት ባለሙያዎች በዚህ ምጥ ውስጥ ናቸው። ለጎብኚው የተሠራው የእንጨት መተላለፊያ ሥሩም ድንጋዩም እንዳይረገጥ የተደረገ ነውና ከእሱ አይውረዱ።

ለዓይን የማይታየው ጉዳት ደግሞ ከመሬት በታች ነው። እነዚህ ሕንፃዎች የተቀመጡት በተጠቀጠቀና እርጥበት በያዘ አሸዋ ላይ ነው። የከርሰ ምድር ውኃው ሲቀንስ አሸዋው ይረግባል፣ ግድግዳው ይዘማል። የጥንት ክመሮች ስምንት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ባራይ የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፍሩ ውኃውን ለእርሻም ለመቅደሱም አስበው ነው። ዛሬ ከተማው በሆቴል ተሞልቷል፤ ብዙው ሆቴልም ለዓመታት ከጉድጓድ ውኃ ስቧል። በሙቀቱ ቀን ሦስቴ ገላ መታጠብ ያምራል፤ ያሳጥሩት። ፎጣ በየቀኑ እንዲታጠብልዎት አይፍቀዱ። የመዋኛ ገንዳው ትልቅ መሆኑን አይተው ሆቴል የሚመርጡ ከሆነም ደግመው ያስቡ።

ከመንገዱ አይውጡ

ይህን በቀላል አይውሰዱት፤ ከላይ እንደተጠቀሱት የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አይደለም። ካምቦዲያ በተቀበረ ፈንጂና ባልፈነዳ ጥይት ከ1979 ወዲህ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው አጥታለች። ታዋቂዎቹ ቤተ መቅደሶችና መንገዶቻቸው ተጠርገዋል። ከሲየም ሪያፕ ወጣ ሲሉ ግን፣ በተለይ በኮ ኬር ዙሪያ፣ በኩሌን ተራራ ጀርባና ወደ ሰሜን ድንበር፣ ለመጸዳዳት ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት እንኳ አስጎብኚውን ጠይቆ ነው። የራስ ቅል ያለበት ቀይ ሰሌዳ ካዩ ይቁሙ፣ በመጡበት ዱካ ይመለሱ። መሬት ላይ ያገኙትን ብረት አይንኩ፣ አይርገጡ፤ ልጆችዎንም ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት ያስጠንቅቁ።

አገራችንም ይህን ታውቀዋለች፤ በሰሜኑ ጦርነት ከተቀበረው ውስጥ ዛሬም እረኛ የሚጎዳ አለ። በሲየም ሪያፕ ከተማ ፈንጂ የሚያሸቱ አፍሪካዊ ግዙፍ አይጦችን ሥራ የሚያሳይ ማዕከል አለ። ከእነዚህ አንዱ የነበረው፣ ታንዛኒያ ተወልዶ ካምቦዲያ ውስጥ ሲሠራ የኖረው ማጋዋ በ2020 የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። ልጆች ይዘው ከሆነ መርሐ ግብርዎ ውስጥ ቦታ ይስጡት፤ የመግቢያው ገንዘብም ለጠረጋው ይውላል።

ከሕፃናት አይግዙ

በየመቅደሱ በር ላይ ፖስት ካርድና የእጅ አምባር የያዙ ሕፃናት ይከቡዎታል። በአምስት ቋንቋ ይቆጥራሉ። ከኪስ ውስጥ አንድ ዶላር ማውጣት ደግነት ይመስላል፤ ከእነሱ መግዛት ግን ልጁ ትምህርት ቤት ከመዋል ይልቅ በር ላይ ቢውል እንደሚያዋጣ ለቤተሰቡ ማረጋገጥ ነው። ከእናትየው ሱቅ ይግዙ። ከረሜላም አይስጡ።

ከዚህ የከፋው የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ነው። ወላጅ አልባ ልጆች የሚዘፍኑበት፣ እንግዳ ሩዝ ገዝቶ የሚገባበት፣ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ መርሐ ግብሩ ውስጥ ካለ ያስወጡት። በካምቦዲያ ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ሕፃናት አብዛኛዎቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ እንዳላቸው ዩኒሴፍ ሲናገር ቆይቷል። እንግዳው በበዛ ቁጥር ማሳደጊያው ተበራከተ፤ ማሳደጊያውን ለመሙላት ደግሞ ከደኻ ቤት ልጅ ይፈለጋል። በውጭ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ማሳደጊያዎች ገንዘብ ማዋጣት ልማዳችን ስለሆነ ልባችን እዚህ ላይ ቶሎ ይከፈታል። መስጠት ከፈለጉ ቤተሰብ ሳይበተን ለሚረዱ ድርጅቶች ይስጡ።

በቶንሌ ሳፕ ዳርቻም ተመሳሳይ ነገር ይገጥምዎታል። ጀልባው መሀል መንገድ ላይ ሱቅ አጠገብ ይቆምና «ለመንደሩ ትምህርት ቤት አንድ ጆንያ ሩዝ ይግዙ» ይባላሉ። አይግዙ። ጆንያው ተመልሶ ወደዚያው ሱቅ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ።

ሐይቁ፣ ተራራው፣ አራዊቱ

ቶንሌ ሳፕ በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ ያለው ዓይነት ሐይቅ ነው። በክረምት የሜኮንግ ወንዝ ሲሞላ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል፤ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ውኃ እስከ 15,000 ይሰፋል፣ ጫካው ይዋጣል፣ ዓሣው በዛፎቹ መካከል ይራባል። በበጋ ተመልሶ ይወርዳል። በካምፖንግ ፍሉክ መንደር ቤቶቹ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆሙት ለዚህ ነው። በተዋጠው ጫካ ውስጥ በትንሽ ታንኳ የሚቀዝፉት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ ለእነሱ የሚከፈለውን ገንዘብ በእጃቸው ይስጡ። የሰው ቤት ውስጥ ግን ካሜራ አያስገቡ፤ በረንዳው ክፍት ሆኖ ቢታይም ሳሎን ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘው አይሂዱ፤ ከሆቴልዎ የሚሞላ ጠርሙስ ይያዙ።

ወፍ ለሚወዱ በሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ፕሬክ ቶል አለ። ይብራና ሽመላ በሺህ ሆነው የሚራቡበት፣ በሐዋሳ ዓሣ ገበያ የምናውቀው የማራቡ የቅርብ ዘመድ የሆነውና ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ታላቁ አድጁታንት የሚታይበት ቦታ ነው። የሚመረጠው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ጎጆ ከሚገኝበት ዛፍ ሥር ጀልባ እንዲጠጋልዎት አይወትውቱ፤ የተደናገጠች እናት ስትነሣ እንቁላሉ ለፀሐይ ይጋለጣል።

ኩሌን ለክመሮች ቅዱስ ተራራ ነው። ሁለተኛው ጃያቫርማን በ802 ራሱን የዓለም ንጉሥ አድርጎ ያወጀው፣ መንግሥቱም የጀመረው እዚያ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡ ምግብ ሰንቆ፣ ምንጣፍ አንጥፎ በፏፏቴው ዙሪያ ይውላል። ዋና ከገቡ እንደ አገሬው ሰው ከነልብስዎ ይግቡ። በወንዙ ወለል ላይ የተቀረጹትን ምስሎች አይርገጡ። ክባል ስፒያንም እንዲሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በጫካ ወደ ላይ ተጉዘው የሚያገኙት የወንዝ አልጋ በሙሉ ተቀርጿል፤ ውኃው በቅርጹ ላይ አልፎ ወደ አንኮር ሲወርድ ተባርኮ እንደሚደርስ ይታመን ነበር። ፀበል ለሚያውቅ ሰው ይህ አይርቀውም።

በአንኮር ዝሆን መጋለብ በ2020 መጀመሪያ ቀርቷል። ሳምቦ የተባለች ዝሆን በ2016 በከባድ ሙቀት ቱሪስት ስትሸከም ቆይታ ወድቃ ሞተች፤ ቁጣው ከዚያ ተነሣ። ሌላ ቦታ ግልቢያ ቢያቀርቡልዎት እምቢ ይበሉ። ጦጣዎችን አይመግቡ፤ ሰው ያለመዳቸው ጦጣዎች ዛሬ ይናከሳሉ። ከነከሱዎት ወይም ከቧጨሩዎት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥበው በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ለማግኘት ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ለነገ አያሳድሩት።

ከሰው ጋር

ሰላምታ መዳፍን በደረት ላይ ገጥሞ ጎንበስ ማለት ነው። በዕድሜ ታላቅን «ቦንግ» ብለው ይጥሩ፤ አስጎብኚውንም የባጃጁን ሾፌርም በፉጨት ወይም በጭብጨባ አይጥሩ። የሕፃን ራስ አይዳብሱ፤ እኛ ዘንድ ምርቃት ነው፣ እዚያ ድፍረት ነው። ሴቶች መነኩሴን አይንኩ፣ ዕቃም በእጁ አያቀብሉት፤ አጠገቡ ያስቀምጡለት። የሚጸልይ ሰው ፊት ቆመው ፎቶ አያንሡ።

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይቅጠሩ፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ያዳምጡት። ስለ ክመር ሩዥ ዘመን ግን እሱ ካላነሣው አይመርምሩት። ከ1975 እስከ 1979 በነበረው አገዛዝ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አልቋል፤ ዛሬ ከአምሳ ዓመት በላይ የሆነ ካምቦዲያዊ ሁሉ ከዚያ የተረፈ ነው። በእነዚያው ዓመታት እኛም ቀይ ሽብር ነበረብን፤ ያ ትውልድ በገዛ ልጆቹ ሲጠየቅ እንኳ እንዴት ዝም እንደሚል እናውቃለን። ከነገረዎት ቀረጻ ሳይከፍቱ ይስሙ።

ሌላም በጥንቃቄ የሚነሣ ጉዳይ አለ። ከ2022 ወዲህ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከአንኮር ክልል ወጥተው ወደ ሌላ መንደር እንዲሰፍሩ ተደርጓል። መንግሥት በፈቃዳቸው ነው ይላል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2023 ባወጣው ዘገባ በግዳጅ መፈናቀል ብሎታል። ባዶውን ሜዳ አይተው «ጸድቶ እንዴት ያምራል» ከማለትዎ በፊት ይህን ይወቁ፤ አጠገብዎ የቆመችው ሻጭ ቤቷ እዚያ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ለጿሚዎች፦ «ሥጋ የለውም» የተባለ የክመር ምግብ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም ፕራሆክ የሚባል የፈላ ዓሣ አለበት። ዓሣንም የማይበሉ ከሆነ አስጎብኚው በክመርኛ አስረድቶ እንዲያዝልዎት ያድርጉ። የተቀደደ ወይም የተበላሸ ዶላር አይቀበሉም፤ ለትንንሽ ክፍያ የአገሩን ሪል ይያዙ።

አሮጌ ነገር አይግዙ

ኮ ኬር ከ928 እስከ 944 ዋና ከተማ የነበረች፣ 36 ሜትር የሚረዝም ባለ ሰባት እርከን ፒራሚድ ያለባት ቦታ ናት። እዚያ ፕራሳት ቼን በተባለው መቅደስ ውስጥ ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ የቀሩ የድንጋይ እግሮች ነበሩ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ዘራፊዎች ሐውልቶቹን ከእግራቸው ቆርጠው ወስደዋቸዋል። ከእነዚያ አንዱ፣ ዱርዮዳና የተባለው ተዋጊ፣ በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ባለሙያዎች መቅደሱ ውስጥ ከቀሩት እግሮች ጋር አገናኙት፤ በ2014 ወደ አገሩ ተመለሰ። ለብዙ ዓመታት የክመር ቅርሶችን ሲነግድ የኖረው እንግሊዛዊው ዳግላስ ላችፎርድ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተከሰሰ፤ ፍርዱን ሳያይ በ2020 ሞተ። በ2023 መጨረሻ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም 14 ቅርጾችን ለካምቦዲያ እንደሚመልስ አስታወቀ። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1923፣ አንድሬ ማልሮ የተባለው ወጣት ፈረንሳዊ ደራሲ ከሐምራዊው የባንቴይ ስሬይ መቅደስ ምስሎች ቆርጦ ሲወስድ ተይዟል፤ ያው ሰው ኋላ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር ሆነ።

የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም እስኪመለስ ድረስ የጠበቅን፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን ታቦታት ዛሬም የምንጠይቅ ሕዝብ ነን። ስለዚህ በገበያ ላይ አንድ ሰው ጎተት አድርጎ ወስዶ በጨርቅ የተጠቀለለ «ጥንታዊ» የነሐስ ምስል ወይም የድንጋይ ራስ ቢያሳይዎት አይከራከሩ፣ ዋጋ አይጠይቁ፣ ለማየት ብለውም ቤቱ አይከተሉት። አብዛኛው ሐሰተኛ ነው፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የተሰረቀ ነው። ከመሬት ላይ የሸክላ ስባሪ ወይም የጡብ ቁራጭ ወደ ኪስ መክተትም ያው ስርቆት ነው። ያዩትን ለአስጎብኚዎ ወይም በየመቅደሱ ላሉት የአፕሳራ ጠባቂዎች ይንገሩ።

ለቤት የሚወስዱት ነገር ከፈለጉ ወደ ባንቴይ ስሬይ በሚወስደው መንገድ ላይ በፕሬያ ዳክ መንደር ዓይንዎ እያየ በትልቅ ብረት ድስት የሚፈላውን የዘንባባ ስኳር ይግዙ፤ ወይም ክራማ የሚባለውን ባለ ካሬ ጥለት የአንገት ልብስ ከሸማኔዋ ይውሰዱ። አዲስ የተቀረጸ የድንጋይ ወይም የእንጨት ምስል ከገዙ የሱቁን ስምና ቀን የያዘ ደረሰኝ ያስጽፉ፤ አየር ማረፊያ ላይ ሊጠየቁ ይችላሉና ከፓስፖርትዎ ጋር ያቆዩት።